ሁለት ጊዜ የተሸኘ ሯጭ

ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩጫ ሲሸኝ የሽኝቱን ክትፎ የከተፍኩት እኔ ነኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሸኝም እኔው ነኝ። ከሁለቱ ሽኝቶች መሐል የአውራጃውን ውድድር ማንም ሳይነጥቀው ስለኖረ፣ የመጀመሪያው ድግስ ለምን እንደተደገሰ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም።

እኔ የሶዶ ጉራጌ ልጅ ነኝ፤ የተወለድኩት ከቡኢ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ዐሥር ዓመት ያህል ሲቀረው ቡታጅራ አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። እሱ የመንዝ ሰው ነው። ሥራው ፖሊስ፣ ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ። አዲስ አበባ ሳለ ለፖሊሶች ቡድን ይሮጥ ነበር፤ አንድ ጊዜም አገሩን ወክሎ ባሕር ማዶ ሄዶ ሮጦ ከባድ የሱፍ ካፖርት ይዞ ተመልሷል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሲያልፈው አለቆቹ ጠሩትና "ብዙ ደክመሃል፤ አሁን ዕረፍ" ብለው ቡታጅራ መደቡት። ሮጦ የማይጠግብ ሰው ዘቢዳር ተራራ ሥር ሲመደብ እንዴት እንደሚያርፍ አላሰቡበትም።

ምግብ ቤቴ የመጣው እንጀራ ፍለጋ ነው። በመጀመሪያው ቀን እንጀራ አልቆብኝ ቆጮ ባቀርብለት ገልበጥ አድርጎ አየውና "ይኼ እንዴት ነው የሚበላው?" አለኝ።

"በአፍ ነው" አልኩት።

በልቶ ጨረሰ። በዓመቱ ተጋባን። እናቴ ጋብቻውን አልወደደችውም ነበር። "ፖሊስ መሆኑስ ይሁን፤ ማንም ሳያባርረው የሚሮጥ ሰው ግን አንድ ጉድ ሳይኖርበት አይቀርም" ትል ነበር።

እውነትም ጎሕ ሲቀድ ቁምጣውን ለብሶ ይወጣል፤ ወደ ተራራው የሚወስደውን ዳገት ይይዛል፤ ፀሐይ ወጣ ስትል ላቡን እየጠረገ ይመለሳል። ከተማው እስኪለምደው ድረስ ብዙ ነገር ደርሷል። አንድ የገበያ ቀን ወደ ከተማ የሚወርዱ ገበያተኞች ሲሮጥ አይተው ፖሊሱ ሌባ እያባረረ ነው ብለው ዱላቸውን ይዘው ተከተሉት። እሱ ለመሸኘት የተነሱ መስሎት እጁን እያወዛወዘ ቀጠለ። ከፊት ለፊቱ ለቅሶ ሊደርስ የሚጣደፍ አንድ መንገደኛ ነበር። ሰውየው ዘወር ብሎ ያንን ሁሉ ዱላ ቢያይ እግሬ አውጪኝ አለ፤ ወዲያው ሌባው እሱ ነው ተባለ። ባለቤቴ ቀድሞ ደርሶ ባያስጥለው ኖሮ ለሰውየው ራሱ ይለቀስለት ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው ሲጠይቀው "በሰላም ነው፤ ለጤናዬ ነው" እያለ መሮጥ ለመደ። ለጤና የሚሮጥ ሰው ታሞ መሆን አለበት ብለው ቤቴ ድረስ ሊጠይቁ የመጡም ነበሩ።

ዕድሜው እየገፋ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ እየሸሸና እየሸበተ ሲሄድ እግሩ ግን የሰማ አይመስልም ነበር። በየዓመቱ ለዘውድ በዓል በሚደረገው የአውራጃ ውድድር ልጆቹን የሚያካክሉ ፖሊሶችን፣ ተማሪዎችንና ገበሬዎችን ጥሎ ይገባል። ሰው ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልተቸገረም። ጎረቤቴ ባለሱቅ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ባዩት ቁጥር "ማሻአላህ" ይሉና ለደንበኞቻቸው ሚስጥሩ ከእሳቸው ሱቅ የሚወስደው ማርና ጥቁር አዝሙድ መሆኑን ያስረዳሉ። ከሰሜን የመጡት የትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች የመንዝ ብርድ ያጠነከረው አጥንት ነው አሉ። ዘመዶቼ ቆጮ ነው አሉ፤ መንዝ እያለ ቆጮ በልቶ እንደማያውቅ ባስታውሳቸውም "እኛ ጋ ባይመጣ እስካሁን ቀርቶ ነበር" ብለው መለሱልኝ። እሱን ራሱን የጠየቀው ሰው ግን የለም። ቢጠየቅም መልሱ "በየቀኑ ስለምሮጥ ነው" የሚል ስለሆነ ማንንም አያረካም።

ነገሩን ያመጣው የከተማው ድሬሰር ነው። ባለቤቴ ለጉንፋን ሄዶ ሳለ ድሬሰሩ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆየና ፊቱ ተለወጠ። "ሃምሳ አለቃ፣ ልብህ ዝግ እያለች ነው የምትመታው። ደክማለች" አለው።

"ዘንድሮ አይደለም፤ ከድሮም እንዲሁ ናት" አለ እሱ።

"እንግዲያው ከድሮም ደክማለች" አለና መርፌ ወግቶ ዕረፍት አዘዘለት።

ወሬው ለአለቃው ለሻምበሉ ደረሰ። ሻምበሉ ሆዳቸውም ልባቸውም ሰፊ የሆነ፣ ንግግር የሚወዱ ሰው ነበሩ። በዚያው ሰሞን ከቸሃ የመጣ አንድ ወጣት ኮንስታብል ተመድቦላቸው ነበር፤ ቁመቱ ሸንበቆ፣ እግሩ ረጅም። ሻምበሉ ልጁን ሲያዩ ልቡ የደከመውን ሃምሳ አለቃ በክብር ማሳረፍ እንዳለባቸው ታያቸው። ድግሱም በእኔ ቤት እንዲሆን ታዘዘ።

ሻምበሉ ቆመው ረጅም ንግግር አደረጉ። ባለቤቴ ለአገሩ ምን እንደሠራ፣ እንዴት ያለ ትሁት ሰው እንደነበረ፣ ስሙ ከቡታጅራ መቼም እንደማይጠፋ ተናገሩ። ሁሉንም ነገር "ነበር" እያሉ ነው የጨረሱት። ከአውቶቡስ ወርደው ውኃ ሊጠጡ የገቡ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አጠገቤ ቆመው ያለቅሱ ጀመር። ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና "ሟቹ ላንቺ ምንሽ ነው፣ ልጄ?" አሉኝ።

"ባሌ ነው" አልኳቸው። "ያው እዚያ ማዶ ክትፎ እየበላ ነው።"

የሽኝቱ ስጦታ ጋቢና አንድ ባለመደገፊያ ትልቅ ወንበር ነበር። ወንበሩን ከምግብ ቤቱ ጥግ አስቀመጥኩት፤ ወፍራም እንግዳ ሲመጣ ጠቀመኝ።

ውድድሩ ሲደርስ ሻምበሉ አንድ ነገር አሳሰባቸው። ልጁ ጎበዝ ይሁን እንጂ መንገዱን፣ የት ማፍጠን የት መቆጠብ እንዳለበት አያውቅም። ባለቤቴን ጠርተው "እስከ ድልድዩ ድረስ አብረኸው ሩጥና ምራው፤ ከዚያ ተመለስ" አሉት። ድልድዩ በቡኢ መንገድ ላይ ሯጮቹ ዞረው የሚመለሱበት ቦታ ነው። ባለቤቴ ልጁን እየመራ ድልድዩ ጋ ደረሰ፤ እንደታዘዘውም ተመለሰ። ሁለተኛ የወጣው ልጁ ሲገባ እሱ ውኃ ጠጥቶ ጨርሷል።

ሻምበሉ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው "ምን ማድረግህ ነው? ትናንትና ሸኝተንህ" አሉት።

"ተመለስ አሉኝ፣ ተመለስኩ" አላቸው።

ልጁ ቅር ያለው አይመስልም ነበር። እንዲያውም ሮጦ ሄዶ የባለቤቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ አላየሁም። ምግብ ቤት ውስጥ ባለቤቴ ሲገባ ከመቀመጫው ይነሳል፤ እጅ ሲታጠብ ውኃውን የሚያፈስለት እሱ ነው፤ ባለቤቴ ሳይቆርስ አይቆርስም። እኔን "እትዬ" እሱን "ጋሼ" እያለ የቤታችን ሰው ሆነ።

እኔ በበኩሌ ባለቤቴ ሩጫውን ቢተውልኝ ደስ ባለኝ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ የሚነሳው በማለዳ ነው፤ ተሳፋሪ ሁሉ ቁርስ ቁርስ እያለ በሚያስጨንቀኝ ሰዓት ባሌ ተራራ ላይ ነው። ይኼ ብቻ ቢሆን ግድ የለም። የድሬሰሩ ቃል ውስጤ ገብቶ ቀርቶ ነበር። እስኪመለስ ድረስ እያስተናገድኩ ዓይኔ በር በሩን ያያል፤ የአንዱን ሻይ ለሌላው የሰጠሁበት ቀን ጥቂት አይደለም። አንድ ቀን ጫማውን ሲያወልቅ ያዝኩት።

"መቼ ነው የምትተወው?"

"የሚቀድመኝ ሲመጣ ውድድሩን እተዋለሁ።"

"ይኼ ልጅስ?"

"ጎበዝ ነው። ግን ሁልጊዜ ከኋላዬ ነው።"

"እንግዲያው እኔ ነኝ የማበላው። እስኪቀድምህ ድረስ አበላዋለሁ።"

ሳቀ። "አብዪው። ጠንክሮ ቢመጣልኝ እኔም ደስ ይለኛል" አለ።

የምለውን የማደርግ ሰው ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጁ ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከሁሉ አብዝቼ አቀረብኩ። ክትፎው በቅቤ ይርሳል፤ አይቡ ይከመራል፤ ቆጮው እጥፍ ነው። ጨረስኩ ሲል እደግምለታለሁ፤ በቃኝ ሲል "በሞቴ" እላለሁ። እሱም በልጅነቱ የሰው እጅ አትመልስ ተብሎ ያደገ ነውና ሁሉንም ይበላል። ክረምቱ ሲያልፍ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ አስፈለገው። በጥቅምት ውድድር ባለቤቴ አንደኛ ገባ፤ ልጁ እያለከለከ ከብዙዎች ኋላ መጣ። ሻምበሉ "ምን ነካህ?" ብለው ሲቆጡት መሬት መሬት ያይ ጀመር። እትዬ ናት ያወፈረችኝ አይል ነገር፣ ነውር ነው። እኔም ከዚያ በኋላ ሲሶውን ብቻ አቀርብለት ጀመር፤ ምን አጥፍቼ ነው ብሎ ሰው ልኮ ጠየቀኝ።

የቀጣዩ ዓመት ውድድር በወልቂጤ እንዲሆንና የእኛም አውራጃ ሯጮች እንዲገኙ ግብዣ መጣ። ወልቂጤ ከተራራው ባሻገር ነው፤ ዘመዶቻችን ገደሉን ወርደው፣ ሸንተረሩን አቋርጠው በእግር ይሄዱበታል። በመኪና ግን መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መውጣት፣ ከዚያ የጅማን መንገድ ይዞ መውረድ ነው። ባለቤቴ "በእግር ብንሄድ ይቀርበናል፤ እግራችንንም እናፍታታበታለን" ቢል ሻምበሉ ሯጭ ማረፍ አለበት ብለው በአውቶቡስ አስኬዱን። እህቴ በዚያው በኩል አገና ተድራ ስለነበር እሷን ለማየት ብዬ እኔም አብሬ ሄድኩ። እግራችን አብጦ፣ ወገባችን ተቆራርጦ፣ እንዲህ ዐርፈን ደረስን።

በውድድሩ ጠዋት ወልቂጤ ፀሐይዋን አልቆጠበችም ነበር። ሯጮቹ ሲሰለፉ አንድ የዝግጅቱ ኃላፊ ባለቤቴን አየና በአክብሮት ክንዱን ያዘው። "አባታችን፣ ዳኞቹ እዚህ ጥላው ሥር ናቸው" ብሎ ባንዲራ አስያዘው። ባለቤቴ አመሰገነና ባንዲራውን ለእኔ ሰጥቶ ተመልሶ ተሰለፈ። ኃላፊው ሰውየው አእምሮው ደህና መሆኑን ጠየቀኝ። "እንግዲህ እስኪመለስ ጠብቀህ እየው" አልኩት።

ወደ ጊቤ የሚወርደውን መንገድ ይዘው ሄዱ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከዳገቱ ሥር አቧራ ታየ፤ ከአቧራው ፊት ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ። ባለቤቴና የቸሃው ልጅ ነበሩ። ሌላ ሰው በአካባቢው የለም። ልጁ አንድ እርምጃ ያህል ከኋላ ነው። ሲቀርቡ ግን የባለቤቴ ፊት የሯጭ ፊት አልሆነብኝም፤ የተቆጣ ሰው ፊት ነው። አፉ ይንቀሳቀሳል። እኔ ከቆምኩበት አጠገብ ሲደርሱ ድምፁን ሰማሁት።

"እለፈኝ እንጂ። ለምን ትይዘዋለህ እግርህን?"

"ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ" ይላል ልጁ።

"ኮንስታብል፣ እለፍ ብዬሃለሁ። ትእዛዝ ነው።"

ልጁ እንደ ወታደር ቀጥ አለና በቁጣው ትንፋሹን የጨረሰውን ባለቤቴን አለፈው። ሕዝቡ ጮኸ። ልጁ አንደኛ፣ ባለቤቴ ሁለተኛ ሆነ። ባንዲራው እጄ ላይ ነበር፤ አንደኛው ሲገባ ዝቅ ማድረግ እንዳለብኝ የነገረኝ ግን አልነበረም።

ሻምበሉ በደስታ ሰከሩ። ቡታጅራ በገባን በማግስቱ ሁለተኛው ሽኝት ታዘዘ። "ያኛው ልምምድ ነበር፤ ይኼኛው የእውነት ነው" አሉኝ ሥጋውን ሲያስይዙ። ንግግራቸውም የዚያኑ ዓይነት ነበር፤ "ነበር" ብቻ በዝቶበታል። ሲጨርሱ ባለቤቴ ተነሳ።

"የበላሁትን እግዜር ይስጥልኝ" አለ። "ነገር ግን ታዝዞ የቀደመኝን አልቆጥርም። እኔ ባላዝዘው ኖሮ ከኋላዬ ይገባ ነበር።" ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። "እውነቱን ንገራቸው። ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያደረግከኝ?"

ልጁ በሐፍረት መሬት ሊገባ ደረሰ። "ጋሼ፣ አባቴን የሚያህል ሰው እንዴት እቀድማለሁ? ሰው ምን ይለኛል?" አለ በቀስታ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ሌላ ወሬ ያዘ፤ ሃምሳ አለቃው ሲያሸንፍ የኖረው በይሉኝታ ነው ተባለ። የማሩም የቆጮውም የመንዝ ብርዱም ነገር ተረሳ። ባለሱቁ እንኳ ማሩን በሌላ ምክንያት መሸጥ ጀመሩ። ባለቤቴ በማግስቱ አልሮጠም። በሦስተኛውም ቀን አልሮጠም። ያንን ትልቅ ወንበር ከጥግ ስቦ ተቀመጠበት። ተሸናፊ መባልን ይችለው ነበር፤ የታዘነለት መሆኑ ግን አንገቱን አስደፋው። ቁርስ የሚያስተናግድልኝ ሰው አገኘሁ፤ የተመኘሁት ይኼንን ነበር። ሳህን ሲያቀብለኝ ዓይኑ ዳገቱ ላይ እንደቀረ አየሁና የተመኘሁት ይኼ እንዳልሆነ ገባኝ።

ልጁን ጠርቼ ጓዳ አስገባሁት። "ነገ ጠዋት ከእሱ ጋር ትሮጣለህ። ሕዝብ የለም፤ ሻምበል የለም። በእውነት ሩጥና ቅደመው፤ ከዚያ እሱም ይረፍ አንተም ዕረፍ። ካላደረግከው ቤቴን አትርገጥ" አልኩት። በእመቤታችን አስማልኩት። ባለቤቴም መሐላውን ሲሰማ ቁምጣውን ፈለገ።

ከደጃፌ ተነስተው ዳገቱን ወጥተው፣ ባለሱቁ ለዳኝነት ከቆሙበት ዋርካ ዞረው እንዲመለሱ ሆነ። እኔ ደጅ ቆምኩ። የሚቀድመው ማን እንዲሆን እንደምፈልግ ቢጠይቁኝ አላውቅም ነበር። ሲመለሱ ከፊት ያለው ራሰ በራው ነበር። ባለቤቴ ገባ፤ ልጁ ቆይቶ፣ ፊቱ አመድ ለብሶ ደረሰ። ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆመ።

"እትዬ፣ ዛሬ በእውነት ነው የሮጥኩት" አለኝ።

"አይቻለሁ" አልኩት።

ምስኪን፣ ያን ሁሉ ጊዜ ደግ ነኝ ብሎ ነበር የኖረው። ባለቤቴ አልሳቀበትም። እግሩን እየታጠበ "እቀድመዋለሁ ግን አልቀድመውም ያለ ሰው አይለፋም። አንተ አልለፋህም" አለው። "ነገ ጎሕ ሲቀድ ና።"

መጣ። ያን ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሲወጡና ሲገቡ አየሁ። ልጁ አሁንም ውኃ ያፈስለታል፤ ዳገቱ ላይ ግን ትከሻውን እየገፋ ያልፈዋል ብለው እረኞች ነገሩኝ። በሚቀጥለው የዘውድ በዓል ማንም ሳያዘው በሰፊው ቀደመው። ባለቤቴ ሁለተኛ ገብቶ ልጁን አቅፎ ሳመው፤ ቤት መጥቶ በላ፤ እስከ ማታ ተኛ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በሩ ሲከፈት ሰማሁ።

"ተቀደምክ እኮ" አልኩት ከአልጋዬ።

"ውድድሩን እተዋለሁ አልኩ እንጂ ሩጫን መች አልኩ" ብሎ ወጣ።

ሻምበሉ በዚያው ዓመት በጉልበት ሕመም ጡረታ ወጡ። እሳቸውን የሸኘናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በቃቸው። ልጁን አዲስ አበባ ለትልቁ ቡድን ወሰዱት። ለውጡ ሲመጣ የዘውዱም በዓል ቀረ፣ ውድድሩም አብሮ ቀረ። ባለቤቴ ግን ሃምሳን እስኪሻገር ያንን ዳገት አልተወም። ድሬሰሩ ባገኘው ቁጥር ልቡን ያዳምጥና "አሁንም ዝግ እያለች ነው" ብሎ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ልጁ ለመስቀል ወደ ቸሃ ሲሄድ መንገዱን አርዝሞ በእኛ በኩል ይመጣል፤ ያድርና ማለዳ ሁለቱ ተያይዘው ይወጣሉ። በአንድ ጊዜ ተመልሰው ደጅ ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ማን እንደቀደመ ጠይቄ አላውቅም።